የጎታቿ መርከብ ሞተር

ሚስተር ክሊፈርድ ኦርሜሮድ ከመናፈሻው ኩሬ ዳር ተንበርክከው በገዛ እጃቸው የሠሯትን ትንሽ ጎታች መርከብ ከውኃ ሲያወጡ፣ ከሆዷ ጭስ ይትጎለጎል ነበር። ሟቹ ወንድማቸው አልበርት በመርሲ ወንዝ ላይ ይነዳት የነበረችው፣ ትላልቅ መርከቦችን የምትጎትተው መርከብ አምሳያ ናት። የአልበርት ሚስት ኖራ ዓይኗ እየደከመ ስለሄደ፣ ቅዳሜ መጥታ መርከቧ ስትሄድ እንድታይ ቀጥረዋታል።

የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምትማረው ጎረቤታቸው ብራዮኒ ውሻዋን ይዛ ስታልፍ አየቻቸው።

«እንደምን አደሩ ሚስተር ኦርሜሮድ! መርከቧን በከሰል አደረጓት እንዴ?»

«አታላግጪ ልጄ! ሞተሩ ደካማ ሆኖ ነው። ከዚህ የበለጠ ፈጣን እገዛለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሞተሩን ያቃጠለው እሱ ፍጥነት ነው።»

«ፈጣን ሞተር ብርቱ ሞተር ነው! አንቺ ሳትወለጂ ያወቅሁት ነገር ነው።»

«የእሽቅድምድም ፈረስ ጋሪ ሙሉ ድንጋይ ይጎትታል?»

«እሱማ ደንዳናውን ፈረስ ይፈልጋል።»

«ጎታችም እንደዚያው ናት። ከባድ ናት፤ ውኃውን እየዞረ የሚገፋው ፕሮፔለሯም ሰፊ ነው። ትንሹ ሞተር ልክነፍ ሲል ውኃው ይይዘዋል፤ መዞር ሲያቅተው የባትሪውን ኤሌክትሪክ እየጠጣ ይግላል። ቀስ ብሎ የሚዞር ጉልበታም ሞተር ይስጧት።»

«ለዘገምተኝነትማ እኔ አለሁላት!» አሉ አዛውንቱ።

ሰው ለለመደው ስሕተት የሚሟገተው እውነትን ጠልቶ ብቻ አይደለም፤ የደከመበት ነገር ከንቱ ሲሆን ያሳዝነዋል። ሚስተር ኦርሜሮድም በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አሉ።

ብራዮኒ ከአሮጌ መኪና ማሞቂያ የወጣ ወፍራም ሞተርና የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዛ ቤታቸው መጣች። የመታጠቢያ ገንዳውን ሞሉት። መጀመሪያ የሳቸውን ተለዋጭ ፈጣን ሞተር ገጠሙ፤ የመለኪያው ቀስት ሽቅብ ተፈናጠረ፤ መርከቧ ግን ተንቀጠቀጠች እንጂ ብዙም አልገፋች። ወፍራሙን ሲገጥሙት ቀስቱ ዝቅ ብሎ ረጋ፤ መርከቧም የገንዳውን ግድግዳ ስትገፋ የተረጨው ውኃ የአዛውንቱን ነጠላ ጫማ አራሰ። ሞተሩን ዳሰሱት፤ ለብ ብቻ ብሏል።

«ተረታሁ» አሉ እየሳቁ። «እኔ ለራሴ ስመርጥ ነበር፤ መምረጥ የነበረብኝ ለመርከቧ ነው።»

ቅዳሜ ጎታቿ በሚስተር ኦርሜሮድ የርቀት መቆጣጠሪያ እየተመራች ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች አስከትላ ኩሬውን ደጋግማ ዞረች። አንድ የአምሳያ ጀልባ ሠሪዎች ማኅበር አባል ተገርሞ ሲጠይቃቸው፣ ሚስተር ኦርሜሮድ እንደ አስተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ ጀልባህ ሥራዋ ምን እንደሆነ እወቅ። ለፈጣኗ ፈጣን፣ ለጎታቿ ጉልበታም ሞተር ስጣት። ደግሞ ሞተሩ የሚጠጣውን ኤሌክትሪክ ሳትለካ ኩሬ አታውርዳት። ያን ጊዜ ሞተርህ አይቃጠልም፤ ባትሪህም ይበረክታል።»

ኖራ ዓይኗን አጥብባ ጎታቿን ስትከተል ቆየችና እጇን ዘረጋች።

«መቆጣጠሪያውን ወዲህ በለው ክሊፍ! አልበርት ዕድሜውን ሙሉ መሪ አላስነካኝም።»