ሳይለካ የተሰቀለ አንቴና

ሰው አንዳንድ ቀን ለቤቱ ትንሽ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ዕድሜ ልኩን የማይረሳውን ትምህርት ሸምቶ ይመለሳል። እኔንም የጓሮዬ ቧንቧ እየተንጠባጠበ አስቸግሮኝ ጎማ ልገዛለት ወደ ቧንቧ ዕቃ መሸጫው ጎራ ባልኩበት ዕለት የገጠመኝ ይኸው ነው።

ገና ከበሩ ሳልገባ ክርክር ሰማሁ። አንደኛው ተከራካሪ የሰፈራችን አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቅ ትንሹ «ጋሽ ሽቦ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ወደውታል። ሌላዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በቴክኒክ ኮሌጅ የመገናኛ ትምህርቷን ጨርሳ በቅርቡ የመጣች። ሁለቱ አንድ የብረት ቧንቧ በየጫፉ ይዘው፣ እሳቸው ወደ በሩ፣ እሷ ወደ መደርደሪያው ይጎትታሉ። ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና፣ «ኧረ ቧንቧዬን እንዳታጣምሙብኝ!» እያለች ትስቃለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይዳኙን» አሉኝ ጋሽ ሽቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ፈቃድ ያለው ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ አለው። ማሰራጫው ከወጣቶች ማዕከሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። አንቴናውን ከውሃ ቧንቧ ቀጣጥለው የሠሩት ጋሽ ሽቦ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስወጣ የጤና ምክር አነብበታለሁ። ሰሞኑን ግን ድምፃችን ከወንዙ ማዶ አልሰማ ብሎ ሰዉ አጉረመረመ።

«ረጅም ዛፍ ነው ከሩቅ የሚታየው» አሉ ጋሽ ሽቦ። «ስለዚህ አንድ ቧንቧ ልቀጥልበት ነው። ይህቺ ልጅ ግን ያለውንም አውርደን ክንድ ተኩል የማትሞላ ዘንግ እንስቀል ትለኛለች። መምህር፣ በስተርጅና የጥርስ ስንጥር ሰቅዬ ሰው ይሳቅብኝ?»

«ጋሼ፣ ከፍታና ርዝመት ለየቅል ናቸው» አለች ልጅቱ፣ ቧንቧውን ሳትለቅ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይውጣ ቢሉ እስማማለሁ። የዘንጉ የራሱ ርዝመት ግን የምናሰራጭበትን ሞገድ ሩብ ያህል መሆን አለበት። የጊታር ክር ከልኩ ሲያልፍ ቅኝቱ ይበላሻል እንጂ ድምፁ አይጎላም።»

«ጊታር እዚህ ማን አመጣው? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም ኖሬአለሁ። የኔ መለኪያ ጆሮዬ ነው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ከኮሌጅ ያመጣሁት መሣሪያ አለ። ከማሰራጫው ከወጣው ኃይል ስንቱ ወደ አየር እንደሄደ፣ ስንቱ አንቴናው ላይ ተላትሞ እንደተመለሰ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማሰራጫው ግሎ እጅ የማያስነካው ለምን ይመስልዎታል? አንቴናው አልቀበልም ያለውን ኃይል መልሶ እየዋጠ እኮ ነው።»

«እሱንማ ማራገቢያ ገዝቼ አስታግሼዋለሁ!»

«ትኩሳት የያዘውን ሰው በማራገቢያ ያድኑታል?»

ባለሱቋ ሳቋን መግታት አቃታት። «በሉ ቶሎ ተስማሙ፤ ልጄ ቀኗ ደርሶ ቤት ተኝታለች፣ እናንተን ስዳኝ እንዳትወልድብኝ!» አለች። በመጨረሻ ቧንቧው ወደ ጋሽ ሽቦ ትከሻ ወጣ። በእኛ ዘንድ ክርክር የሚፈታው በማስረጃ ሳይሆን በዕድሜ ነውና፣ ወጣቷ ጫፉን ለቀቀች፤ እኔም በማላውቀው ነገር መፍረድ አልወደድኩም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱ ቧንቧ በአሮጌዎቹ ላይ ተቀጠለ። እኔ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠችው ክፍል ተቀምጬ የነፍሰ ጡር እናቶችን ምክር በዘፈን እያፈራረቅኩ አነባለሁ። ጋሽ ሽቦ ከማራገቢያው አጠገብ በኩራት ተቀምጠዋል፤ ልጅቱም በሩን ተደግፋ ቆማለች። ድንገት በሩ ተበርግዶ ተከፈተና ልጅቱን ሊጥላት ምንም አልቀረው።

የገባው የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር ነው። ሸሚዙ ላይ ደም አለ። በእጁ የመገናኛ ሬዲዮውን ጨብጧል።

«አጥፉት! ይሄን ነገር አጥፉት!»

«ምን ሆነሃል?» አልኩት፣ ማይክሮፎኑ ክፍት እንደሆነ።

«ምን ሆነሃል?» አለ በእጁ የያዘው ሬዲዮ። የራሴ ድምፅ ነበር። ወዲያው ሬዲዮው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ።



«ሰሙት?» አለ ሾፌሩ ሬዲዮውን ወደ እኔ እየዘረጋ። «አዋላጇ ከጤና ጣቢያው ስትጠራኝ የሚመጣልኝ የእርስዎ ድምፅ ነው! እሷ ከሥር ትጮኻለች፣ እርስዎ ከላይ ‹ነፍሰ ጡር ደም ከታያት አንድ አፍታ አትቆይ› እያሉ ይመክራሉ። ስልክ በዚያ በኩል እንደማይሠራ ታውቃላችሁ። የባለሱቋ ልጅ ደም እየፈሰሳት ጎረቤት በር ነቅሎ በሳንቃው ተሸክሟት ሲሮጥ፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የእርስዎን ምክር እሰማ ነበር። መንገድ ላይ ተገናኘንና ሆስፒታል አደረስኳት። ትትረፍ አትትረፍ የሚያውቅ የለም።»

እኔ ያንን ምክር የጻፍኩት ሰው ለማዳን ነበር። ያው ቃል ልትሞት ለደረሰች ሴት የቀረበውን የድረሱ ጥሪ አፍኖ ኖሯል። ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ።

«አይሆንም!» ብለው ብድግ አሉ ጋሽ ሽቦ። «የኛ ሞገድ ሌላ፣ የናንተ ሌላ! እንዴት ተብሎ?»

ልጅቱ አልተከራከረችም። ሄዳ ማሰራጫውን አጠፋችው። ፉጨቱ ቆመና ከሾፌሩ እጅ የአዋላጇ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «ሾፌር! ሾፌር ትሰማኛለህ? ስለ ፈጣሪ መልስልኝ!» ሴትዮዋ በሽተኛዋ ሆስፒታል መድረሷን እንኳ አልሰማችም፤ እስካሁን እየጠራች ነበር።

ሾፌሩ መለሰላትና አረጋጋት። ልጅቱም አስፈቅዳ ለአንድ አፍታ ማሰራጫውን መልሳ ከፈተችው፤ የአዋላጇ ድምፅ ወዲያው ተዋጠ። አጠፋችው፤ ተመለሰ።

ጋሽ ሽቦ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «እኔ ነኝ?» አሉ። «እዚህ ጣሪያ ላይ ሆኜ… እዚያ ያለችውን?»

«በክፋት አላደረጉትም፣ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ላይ የአሸናፊነት ሽታ አልነበረም። «አንቴናው ያልተቀበለው ኃይል ሲመለስ ማሰራጫው ይታወካል። የታወከ ማሰራጫ መስመሩን ይስታል፤ ያልተሰጠውን ሞገድ ሁሉ እየረገጠ ያልፋል። ማጣሪያ ቢኖረው ትንሽ ይገታው ነበር፤ የኛ ማጣሪያ የለውም።»

«ታዲያ እንዴት ጆሮዬ አልሰማውም?»

«እርስዎ የሚያዳምጡት የራሳችንን ጣቢያ ነዋ። እኛ ጥሩ ስንሰማ ሌላው ምን እንደሚሰማ በምን እናውቃለን? ካልለካን በቀር!»



ማምሻውን እናትም ልጅም መትረፋቸውን ሰማን። እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈስሷት የሰው ደም ተሰጥቷታል፤ ሕፃኑም እስኪያለቅስ ድረስ ሐኪሞቹ ተስፋ ሊቆርጡ ነበር አሉ። ጋሽ ሽቦ ይህን እንደሰሙ እኔን አስከትለው ወደ ባለሱቋ ሄዱ። በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጋሽ ሽቦ ከፊቷ ጎንበስ ብለው ቆሙ።

እሷም ቀና ብላ አየቻቸው። «ልጄ ስለተረፈች አልረግምዎትም» አለች። «ይቅር ብያለሁ ለማለት ግን አፌ ገና እሺ አላለኝም። መጀመሪያ ያንን ቧንቧ ያውርዱልኝ።»

በማግሥቱ ቧንቧው ወረደ። ሲያወርዱት ሌላ ድንጋጤ ጠበቀን፤ ጫፉ ከመብራት ሽቦው በአንድ ክንድ ብቻ ይርቅ ኖሯል! ነፋስ ቢገፋው ክፍሏ ውስጥ የምንቀመጠው ሁሉ ከሰል ነበርን። ልጅቱ አዲሱን ምሰሶ ቢወድቅ እንኳ ሽቦውን በማይነካበት በሌላው ጥግ አስተከለችና ሥራዋን ጀመረች። አንድ የመዳብ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ አራት ዘንጎች እንደ በርጩማ እግር ወደ ታች ተንጋደው ይዘረጋሉ። ከማሰራጫው የሚመጣው ኬብል የመሐል ሽቦ ከቆመው ዘንግ፣ የሽቦ መረብ ሽፋኑ ከአራቱ እግሮች ጋር በመበየጃ ካውያ ይያያዛል። ሁለቱ እንዳይነካኩ መሐላቸው ፕላስቲክ ይገባል። ጠቅላላው በአንድ እጅ ይነሳል።

ጋሽ ሽቦ ልባቸው ቢሰበርም ጥርጣሬያቸው ገና አልወጣላቸውም። «የኔ ልጅ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ። ግን በዚህች ማን ይሰማናል? ያ ሁሉ ቧንቧ ማዶ አላደረሰንም።»

«ያ ቧንቧ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፣ ጋሼ። ወተቷን አላየንም።»

ዘንጉን ሆን ብላ ጥቂት አስረዝማ ነበር። ማሰራጫውን በዝቅተኛ ኃይል፣ ለመናገር ሳይሆን ለመለካት ብቻ ለአፍታ ከፈተችው። የመለኪያው ቀስት ብዙ ኃይል እየተመለሰ መሆኑን አሳየ። አጠፋች፤ ማሰራጫው ሳይጠፋ አንቴናውን ማንም እንዳይነካ አስጠንቅቃ ጫፉን በሞረድ ሞረደች። እንደገና ለካች። ቀስቱ ዝቅ አለ። እንደገና ሞረደች።

«አንዴ በመጋዝ ቆርጠሽ አትገላግዪንም?» አሉ ጋሽ ሽቦ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰስ ይለቀማል፤ ከልክ በላይ የተቆረጠ መዳብ ግን አይቀጠልም። ይልቅ ሞረዱን እርስዎ ይያዙት። የእርስዎ እጅ ከኔ እጅ ይረጋል።»

ሞረዱን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እሷ ቁጥሩን ታነባለች፣ እሳቸው ይሞርዳሉ። ቀስቱ ወርዶ ወርዶ ከታች ጥግ ሊተኛ ሲል፣ «በቃ!» አለች። ጋሽ ሽቦ ወደ ክፍሏ ገብተው ሥራ ላይ ባለው ማሰራጫ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ወዲያው ደንግጠው አነሱት።

«አቃጠለዎት?» አልኳቸው።

«ቀዝቃዛ ነው!» አሉ ዓይናቸው ፈጦ። «መምህር፣ ቀዝቃዛ ነው እኮ!»

ማጣሪያ ተጨመረ፤ ለመብረቅ የሚሆን የመሬት ሽቦ ተቀበረ። የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ባለሙያም መጥቶ ሞገዳችንን ፈተሸና አጸደቀ። ሾፌሩ አምቡላንሱን ይዞ ወንዙን ተሻገረ፤ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ከማዶ፣ አዋላጇ ባዋሰችን የመገናኛ ሬዲዮ በኩል እየጮኸ እንዲህ አለን፦ «መምህር በኤፍ ኤሙ አሉ! በዚህኛው ግን ትንፋሻቸውም የለም!» ኃይላችን ከቀድሞው በግማሽ ያነሰ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በል። ትንሽ ኃይል ሩቅ ደረሰ፤ የመብራት ወጪያችን ቀነሰ፤ ማሰራጫው ከመቃጠል ዳነ፤ ከሁሉም በላይ አዋላጅዋና ሾፌሩ ያለ ጣልቃ ገቢ ተነጋገሩ። ልምድ ክቡር ነው፤ ግን ልምድ እንለካህ ሲባል የሚቆጣ ከሆነ፣ ሳያውቀው ሰው ይገድላል። ዕውቀትም ሽማግሌን ለማዋረድ ከመጣ ሞረዱን የሚይዝለት እጅ አያገኝም።

ጋሽ ሽቦ ጣቢያው ወደ አየር በተመለሰ ቀን ማይክሮፎኑን ለመኑኝ። «እኔ ጋሽ ሽቦ ነኝ» አሉ። «በኔ ግትርነት አንዲት እናት ልትሞት ነበር። አንቴና የምትሠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ በጆሯችሁ አትመኑ። ለክታችሁ ስቀሉ፤ የሚያውቅ ወጣት ካለም አትናቁት።» ከዚያም ማይክሮፎኑን አጥፍተው ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ።

«በይ፣ ነገ ደግሞ ምንድነው የምንለካው?»