አንደኛ የወጣው ዘፈን

ፀጉር ሠሪዋ ወሬዋን የጀመረችው ከውሃው ነው።

«አቃጠለሽ እንዴ? ንገሪኝ እንጂ! ውሃው ዛሬ ጠባዩ ልክ አይደለም፤ አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ በረዶ ይሆናል… ሰው መስሏል። አንገትሽን ልቀቂው የኔ ቆንጆ፣ ይዤሻለሁ። መምህራን ስትባሉ መቼም አንገታችሁ ድርቅ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ልጆቹ… እንዴት አይደርቅ!»

ወጣቷ መምህርት ጭንቅላቷን ወደ መታጠቢያው ገንዳ አጋድማ፣ አረፋ እንዳይገባባት ዓይኗንም አፏንም ገጥማለች። መልስ ልስጥ ብትል እንኳ አትችልም። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ የዛሬን ወሬ ለማውራት የፈለገችው እንዲህ አፉ ለተያዘ ሰው ነበር።

ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ ገንዳ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት። ከመስኮቱ ሥር ካለው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ጭንቅላቷን ከነቢጉዲው ሰክታ መጽሔት ታገላብጣለች። ይህች ሴት የፀጉር ሠሪዋ አብሮ አደግ ናት፤ አንድ አጥር ተጋርተው ነው ያደጉት። ካስኩ ድሮ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ፣ ሥሩ የተቀመጠ ሰው ስሙን ቢጠሩት አይሰማም ነበር። በቅርቡ ተጠግኖ ከመጣ ወዲህ ግን ትንፋሹ ብቻ ነው የቀረው። ፀጉር ሠሪዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ሬዲዮ ትሰሚያለሽ? እናንተ ልጆች ሁሉ ነገር ስልካችሁ ላይ ነው፣ ምን በወጣችሁ! ባለፈው እሑድ ግን ሰምተሽ ቢሆን… ያ የድሮ ዘፈን ፕሮግራም አለ አይደል? እንግዳ እየጋበዙ፣ "የዚያን ዘመን ምርጥ አሥር ዘፈኖችዎን በደረጃ ይንገሩን" የሚሉት። የዚያን ዘመን የሚሉት እንግዲህ የእኛን የካሴት ጊዜ ነው። ገና ጉልበታችን ሳይከዳን "ዘመን" አደረጉን እኮ፤ ቀጥሎ ሙዚየም አስገብተው በመስታወት ነው የሚሸፍኑን።

«እና አንዲት እንግዳ ቀረበች። ስሟ… ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል። ብቻ እንዴት ያለች አዋቂ መሰለችሽ! ድምጿ ማር። "እኔን ያሳደገኝ ሙዚቃ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ሙዚቃም አሳድጓታል፣ የጎረቤት ቤትም አሳድጓታል… ጎረቤቱን ለመጥቀስ ግን ጊዜ አልበቃም። የሬዲዮ ሰዓት አጭር አይደል? ማስታወቂያም አለ።

«አሥረኛ ያደረገችው የትኛውን መሰለሽ? ያን፣ ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "ሂጂልኝ" ሲል ቆይቶ፣ ልጅቷ እሺ ብላ ስትሄድ "የት ሄደሽ" ብሎ የሚነፋረቅበትን። ጥሩ ምርጫ ነው፣ አልከራከርም። እኔ ብሆን ሰባተኛ እሰጠው ነበር፤ ግራ የገባው ሰው ማበረታቻ ያስፈልገዋል። ከሱ በላይ ደግሞ እነዚያን በአንድ ኦርጋን የተሠሩትን አስቀመጠች። ከበሮው ኦርጋን፣ ዋሽንቱ ኦርጋን፣ ጭብጨባው ሳይቀር ኦርጋን! እኔ ከደጅም አላስገባቸው። ግን የሰው ምርጫ ነው፤ የሰው ነገር ደግሞ አይነካም… ወይስ ይነካል? አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ለልጆቹ ምንድን ነው የምትሏቸው አሁን?»

አረፋውን በእጇ ጠረገችላትና ቧንቧውን ከፈተች።

«ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። "በዚህ ዘፈን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተረከዝ ባለው ነጭ ጫማ የጨፈርኩት" አለች። እንዴት ያለ ትዝታ! ያን ጫማ አስታውሰዋለሁ። እንዴት እረሳዋለሁ? የጫማው ባለቤት ያን ቀን ቤቷ የቀረችው በሸራ ጫማ ጭፈራ አይኬድም ብላ ነው። የእንግዳችን እግር ግን የተባረከ ነው፤ የማይሆነው ጫማ የለም። የገዛችውም ልኳ፣ ያልገዛችውም ልኳ። እንዲህ ያለ እግር ለስንቱ ተሰጠ?

«አራተኛውን "አንድ ጎረምሳ ለእኔ ብሎ በሬዲዮ ያስመረጠልኝ" ብላ በፍቅር አስቀመጠችው። ልጁ ለማን እንዳስመረጠ ያኔ ሬዲዮኑ ስም ጠርቶ ተናግሮ ነበር… ስም ግን ይመሳሰላል። በአንድ ፊደል እንኳ የማይገናኝ ስም፣ ሰው ደስ ሲለው ይመሳሰልበታል። ልቧ ሰፊ ነው ስልሽ! የራሷ ትዝታ አልበቃ ብሏት፣ የሌላውንም ተሸክማ የምትኖር ሰው ናት። ማን ነው ዛሬ የሰው ሸክም የሚሸከመው?»

ከካስኩ ሥር መጽሔት መገለጡ ቆሟል። ፀጉር ሠሪዋ ይህን በመስታወቱ ውስጥ አየች። መምህርቷን አነሣቻት፣ ፎጣ ጠመጠመችላት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻትና ማበጠሪያ አነሣች።

«አንደኛውን ልንገርሽ? ያን የጥላ ዘፈን አደረገችው። አታውቂውም፤ ያኔ አልተወለድሽም። አንዲት ልጅ ሰውየው ቤት ጥላዋን ረስታ ሄዳ፣ እሱ ውጪ እየዘነበ እሷን ሳይሆን ጥላዋን አቅፎ የሚያለቅስበት ነው። ዘፋኙ አፍንጫው የተደፈነ ይመስላል። ብቻ አንደኛ ወጣ።

«ጋዜጠኛው፣ አንቺን የሚያክል ልጅ ነው፣ "እስቲ ግጥሙን በቃልዎ ይበሉልን" አላት። አለችው። አንድ ቃል ሳትስት! ጥላው፣ ዝናቡ፣ ከዚያ ደግሞ መሃል ላይ… "በሩን ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ይገባል።" እንዲህ አለችና፣ "እዚህ ላይ ወርቁን ማየት ያስፈልጋል" አለች። በሩ ልብ ነው። ብርዱ ክፉ ወዳጅ ነው። "ልጄ" የተባለችው ነፍስ ናት። ልጁ "አቤት! አቤት!" ይላል። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ አቤት አልኩ። ነፍስ እኮ ናት!

«ከዚያ ዘፈኑን ከፈቱት። ያ ቦታ ደረሰ… ሳክስፎኑ ብቻ ኡኡ ይላል። በሩም የለ፣ ብርዱም የለ፣ ነፍስም የለች። ጋዜጠኛው ግራ ገባው፤ "ይቅርታ፣ ያቺ ስንኝ አልተሰማችኝም" አለ። እሷ ትደነግጣለች? ወይ ፍንክች! "የእናንተ የተቆረጠ ነው፣ ዋናው እኔ ጋ ነው ያለው። ካሴቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ትናንት እንኳ ሰምቼዋለሁ" አለችው።»

ማበጠሪያው በመምህርቷ እርጥብ ፀጉር መሃል ቆመ። መሳቢያዬ ውስጥ። ፀጉር ሠሪዋ ከእሑድ ጀምሮ ይህን ቃል ይዛው ትነሣለች፣ ይዛው ትተኛለች።

«ምን ያስቃል ትዪኝ ይሆናል» ብላ ቀጠለች፤ ድምጿን ግን ትንሽ ዝቅ አደረገች። «አንድ ቤት ነበረ እንበል። ካሴት መግዣ የሌላቸው ልጆች፣ ዘፈን ሲፈልጉ ቴፑን ከሬዲዮኑ ፊት ያስቀምጡና ይቀዳሉ። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ማሳል ክልክል፣ ወንበር መሳብ ክልክል። ታዲያ ያ የጥላ ዘፈን ሲቀዳ አንዲት የጎረቤት ልጅ በሩን በርግዳ ገባች። ልጅቷ በር መክፈት እንጂ መዝጋት ያልፈጠረባት ናት። የቤቱ እናት ልብስ እያጣጠፉ ነው፤ ስለ ቀረጻው የሚያውቁት ነገር የለም። "በሩን ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ይገባል" አሏት። በቃ! ልክ ሳክስፎኑ ላይ ቁጭ አለ። ዘፈናችን ተበላሸ ብለው ልጆቹ ሊሞቱ ነበር።

«ቅኔዋ እንግዲህ ይቺ ናት። የፈታቻት ሴትዮም… ኧረ ለመፍታትማ ከእሷ የቀረበ ማን አለ? ግጥም ተገጥሞለት፣ በልጅነቱ ፊት ለፊቱ ተነግሮት፣ እስከዚህ ዕድሜው ያልገባው ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል? በሩን መዝጋት ነበር እኮ እናትየው የፈለጉት!

«ካሴቱ ግን ብዙም አልቆየ። ያቺው የጎረቤት ልጅ ለአንድ ቀን ተዋሰችውና፣ ቴፕ በላው ተባለ። እንባ ነበረ፣ "ዓይኔን ያጥፋው" ነበረ። የካሴቱ ባለቤት ተበዳይ ሆና ሳለ አጽናኝ ሆነች። ቴፕ መቼም ሆዳም ነው፤ የሚገርመኝ መራጭነቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ካሴት ያንን ብቻ መርጦ በላ፤ በልቶም በክብር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።»

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረባት፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ፎጣውን ያለ ምክንያት አጣጠፈች።

«የዚያ ቤት እናት አርፈዋል። ፎቶ አላቸው… ፎቶ ምን ይናገራል? ያኔ ድምፁ የሚቀዳው ዘፋኝ ብቻ ነበር። ልጃቸው፣ የሆነች ሴት ናት፣ ፀጉር ነው መሰለኝ የምትሠራው፣ ያን የእናቷን ድምፅ ላስታውስ ብላ ትታገላለች። ቃሉ አለ፤ ድምፁ ግን አይመጣም። "በሩን ዝጊው ልጄ" ብላ ለብቻዋ ትሞክረዋለች አሉ… የሚወጣው የራሷ ድምፅ ነው።»

ለምን አብሮ አደጓን በቀጥታ አልጠየቀቻትም? ብታስበው ብታስበው አንድ መንገድ አላገኘችም። ካሴቱን መጠየቅ ማለት «ያኔ በዓይንሽ ምለሽ ዋሽተሽኛል» ማለት ነው፤ ይህን ያህል የተባለ ሰው ደግሞ በንዴት ካሴቱን እሳት ውስጥ ሊከተው ይችላል። በአሽሙር ግን ሰው ያልሰማ መስሎ ሰምቶ፣ በማግስቱ አንድ ነገር በፌስታል ጠቅልሎ፣ «ዕቃ ሳስተካክል አገኘሁት» ማለት ይችላል። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ያህል ክፍተት ነበር የተወችላት።

ቀና ብላ በመስታወቱ ወደ ካስኩ አየች። አብሮ አደጓ አንገቷን ደፍታለች። ያን ጊዜ፣ ሳታስበው፣ ሌላ ነገር መጣባት። በካሴቱ ላይ «ልጄ» የተባለችው አብሮ አደጓ ናት። በአባቷ ቤት ከእንጀራ እናቷ ጋር ስትኖር «አንቺ» እንጂ «ልጄ» ያላት አልነበረም። ምናልባት ቅኔ ነው ያለችው አፏ ነው እንጂ፣ ቤቷን ዘግታ የምትሰማው ያችኑ አንዲት ቃል ቢሆንስ? ፀጉር ሠሪዋ አፈረች። የሰውን ልጅ ጭንቅላት በጋለ ብረት ውስጥ ሰክቶ፣ መሸሻ አሳጥቶ መውጋት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ሄዳ የካስኩን ሙቀት ቀነሰችላት።

«ሞቀሽ እንዴ አንቺዬ? ትንሽ ነው የቀረሽ። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ… የምትነግሪኝም ነገር ካለ፣ እዚሁ ነኝ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ገጹን ገለጠችና፣ አንዳች እንዳልሰማ ሰው፣ የጥላውን ዘፈን በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ጀመር።

ፀጉር ሠሪዋ ለአፍታ ቆማ ሰማቻት። ተመልሳ መጥታ የመምህርቷን ፀጉር በሁለት እጇ ሰብሰብ አደረገች። ድምጿ እንደገና የሠርግ ቤት ድምፅ ሆኗል።

«እኔን ደረጃ ስጪ ቢሉኝስ? በዜማ ከሆነ የጥላው ዘፈን አሥር ውስጥ አይገባም፤ ሃያ ውስጥም በልመና ነው። ሁለተኛና ሦስተኛውን ማንም ይውሰደው፣ ያን የኦርጋኑን ጭብጨባም ቢሆን ያስገቡልኝ፤ አልጣላም። አንደኛዬ ግን "ዋናው" የተባለው፣ ያ የተበላሸው ነው። ዘፋኙ ትንሽ ዝም ቢልልኝ ደግሞ እንዴት ባማረ!

«በይ፣ አለቀልሽ፤ ዞር በይና እዪው። አማረብሽ! ኧረ ቆይ፣ ያቺን የሬዲዮ እንግዳ ሳልመርቃት ልታመልጠኝ ነበር። እግዜር ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣት። ልጆቿን ያሳድግላት፣ ልጅ ወልደው ለመሳም ያብቃቸው። ያ ለማንም የማይቀረው ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ልጆቿ በናፈቋት ቁጥር ድምጿን የሚሰሙበት አንድ ነገር አያሳጣቸው። ያንንም ነገር የሚያስቀምጥላቸው፣ አደራ የማይበላ፣ ዋሽቶ የማያውቅ፣ ከእህት የሚበልጥ ወዳጅ ይስጣቸው… የሩቅ ሰው አይሁን፣ ቁርጥ እናታቸውን የመሰለ። አሜን በይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ምርቃት እኮ ነው!»