ለልጅቱ የተባለው መቀመጫ

«ሙቀቱ አይጣል ነው ዛሬ። እስቲ መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ የኔ እናት... አይ፣ የመንገዱን አይደለም፤ እሱ አቧራ ያስገባል። በጋራዡ በኩል ያለውን ክፈቺው። እንዲያ። አሁን ነፋሱም ይገባል፣ ወሬውም ይወጣል...»

አክስትየዋ ይህን ስትል ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ አላነሳችም። ሥራዋ የሞተር ሳይክል መቀመጫ ማልበስ ነው፤ ስፖንጅ ትቆርጣለች፣ ሌዘር ትሰፋለች። ከመስኮቱ ወዲያ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሟ የውድድር ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል። መስኮቱን የከፈተችው ልጁ ናት። እሑድ ውድድር አለ፤ ሞተሩ አንድ ነው፣ በምዝገባው ቅጽ ላይ ያለው የተወዳዳሪ ስም ቦታም አንድ ነው። አባት «ዘንድሮ ያንቺ ተራ ነው» ካላት ስድስት ወር አልፎታል፤ ምዝገባው ዛሬ ከሰዓት ይዘጋል፤ ቅጹ ግን ስም ሳይጻፍበት እኪሱ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ሦስት ቀን ሙሉ «ለልጄ እያመቻቸሁላት ነው» እያለ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአዲሱን መቀመጫ ልክ በወረቀት ጽፎ ለእህቱ ላከላት። እሷም አነበበችውና ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ስታነበው ግን ሳቋን ተወችው።

«ተቀመጪ እንጂ። አንቺ እንኳ ቦታ አታጣብቢም፣ የትም ትበቂያለሽ... ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል? ይኼን ወረቀት አይቼ ነው የጠየቅኩሽ። ለልጅቱ ነው ተብሎ የመጣ ልክ እኮ ነው። ስፋቱ በአንድ መዳፍ ይጨመር፣ ስፖንጁ በሦስት ጣት ይወፍር፣ ወደ ኋላም ይለጠጥ... እኔማ ደነገጥኩ። ልጅቱን ከትናንት ወዲያ ሳያት ክር ነበረች፤ በሁለት ቀን ምን በልታ ነው አልኩ። ብቻ ልኩን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ... የት ነበር ያየሁት? አዎ፣ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። አንቺ አታውቂያቸውም፣ የዚህ ሰፈር ሰውም አይደሉ። የውድድር ልብሳቸውን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር እኔ እሰፋለሁ፣ እሳቸውም ይሰፋሉ።»

ልጅቱ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ከወዲያ በኩል መፍቻው መንቋቋቱን አልተወም፤ እንዲያውም ጠንከር አለ።

«ምን ያስቅሻል? ሰውዬው እኮ የተባረኩ ናቸው። እንደሳቸው ለልጁ የሚያስብ አባት የት ይገኛል? መሪውን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ አስጠጉላት... እጇ አጥሮ ነው እንዳትዪ፣ የሷ እጅ የትም ይደርሳል። እንዲያው በእጇና በመሪው መሀል አንድ ነገር ገብቶ እንዳያርቃት ሰግተው ነው። ምን ይገባል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ... ሆድ ይፍጀው። ደግሞስ ሲመሩ የኖሩ ሰው መሪ ከእጃቸው እንዲርቅ ይወዳሉ?

«የእግር መርገጫውንም ዝቅ አደረጉላት አሉ። ያቺ ልጅ እንደሆነች እግሯን እንደ ሜትር ነው የምታጥፈው፤ ታዲያ መርገጫው የወረደው ለማን ጉልበት ነው? እኔ ምን አውቄ... እኔ የማውቀው ሌዘር። ግን ሞተሩ ኩርባ ላይ ሲጋደም፣ የወረደ መርገጫ አስፋልት ይነካል። አስፋልት የነካ ደግሞ ባለቤቱን ያሽቀነጥራል። ዓምና ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሆነውን ሰምተሻል መቼስ... ወደቁ ሲሉ እንዳታምኚ። እሳቸው አልወደቁም። አስፋልቱ ነው ተነስቶ የመታቸው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እኔም አምኛለሁ።»

እዚህ ላይ ክሩ ተበጠሰባትና እንደገና በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ቀልዱን ትቀልደው እንጂ ፈርታለች። ዓምና አጥንቱ ተሰብሮ ሲተኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል አልጋው ጎን ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ወንድሟን ትወደዋለች። ፊት ለፊት «ይብቃህ» ብትለው ደግሞ እልህ ይይዘውና ሁለት ሞተር ካልነዳሁ ይላል። ልጅቱም ብትሆን አባቷን «ቃልህስ?» ብላ ከምትጠይቅ ምላሷን ብትውጥ ይቀላታል። ስለዚህ ነገሩን በመስኮት ማስገባት ነበረባት።

«ምን እያልኩሽ ነበር... አዎ፣ ምቾት። ሞተሩ ለልጅቱ መመቸቱን እንዴት እንዳረጋገጡ ነገርኩሽ? እሳቸው ተቀመጡበት። ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና «ልክ ነው፣ ተመችቷታል» አሉ። መላ ማለት ይኼ ነው። እኔም ካሁን ወዲያ ላንቺ ጫማ ስገዛ እኔው ለክቼ ነው፤ ጣትሽ ቢወጣ የኔ ጥፋት አይደለም... ልክ የሚያውቅ ሰው እንዴት ደስ ይላል። የሰውን ልክ ማለቴ ነው። የራስን ልክማ ማን ያውቀዋል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ... ልጅ ያሸነፈችው ግን ላባቷ ይተርፍ ነበር። ባለፈው ልምምድ ዙሩን በስንት ሰከንድ ነው የቀደምሻቸው? ተይ፣ አትንገሪኝ፣ ሰው ይሰማል። እሳቸውም ቢሆኑ ፈጣን ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሯ ትሄዳለች አይደል የሚባለው? እንግዲህ አንቺንና እንቁላሏን ካልቆጠርን፣ እሳቸውን የቀደመ የለም።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ ከዚያ ጉልበቱን እየደገፈ የሚነሳ ሰው ትንፋሽ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ወንድምየው በመስኮቱ ብቅ አለ። ቅጹን ዘርግቶ ይዟል፤ በሌላው እጁ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሶቹን ይዳስሳል። ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

ልጅቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አክስትየዋ ግን ዞር ብላ አላየችውም። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችና ሜትሯን በልጅቱ ዳሌ ዙሪያ አዞረች፤ ቁጥሩን አየች፣ ስሱን ስፖንጅ ስባ መቁረጥ ጀመረች።

«ብቻ ክፉ አይንካቸው። እኔ እሳቸውን ከመመረቅ በቀር ምን አቅም አለኝ... ዕድሜውን ከነጤናው ይስጣቸው። እሑድ ልጃቸው በፊታቸው ስታልፍ የሚያዩበት ዓይን፣ የሚያጨበጭቡበት እጅ አይንሳቸው። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ እናት... ወንበርም ያዘጋጅላቸው። ሰፊ፣ ከነመደገፊያው፣ ጥላ ሥር የሆነ፣ አራት እግር ያለው... ከቦታው ንቅንቅ የማይል።»