ፀሐይ የመታው ወተት

ከሚኤሶ ወደ ቺሮ በሚወጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች እናት የሚያለቅስ ልጇን ታባብላለች።

«ለምን ጡት አታጠቢውም?» አሏት አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ።

«ተቅማጥ ይዞታል፣ አባባ። ስሄድ ውዬ ጡቴን ፀሐይ መትቶት ነው። ቺሮ ስደርስ ወተቱን አልቤ እደፋዋለሁ።»

«አትድፊው። ፀሐይ ወተቱን ምንም አያደርገውም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ እንዲያውም አብዝቶ መጥባት አለበት።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«የሕፃናት የሆድ ሐኪም ነኝ። ሐኪሞችንም አስተምራለሁ፤ ከመድኃኒት በፊት የምነግራቸው ይህንኑ ነው።»

«ወላሂ? ለሕፃን ሆድ ብቻ ይህን ሁሉ ዓመት ተማሩ?»

«በቦርደዴ ልጅ ሳለሁ፣ ሕፃን እህቴ ታማ እናቴ የጡቷን ወተት እንዲህ ስትደፋ አይቻለሁ። እህቴ አልተረፈችም። እስከ ዛሬ በሕልሜ እናቴ ታልባለች፤ እኔ መሬት እንዳይነካ እጄን ከሥር እዘረጋለሁ። ወተቱ እጄ ላይ ሲሞቅ ይሰማኛል።»

«ከዚያስ?»

«እጄ ሳይሞላ እነቃለሁ።»

እናትየዋ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ልጁን አስጠጋችው፤ ለቅሶው ቆመ።

እኔም ፀሐይ ልጁ ፊት ላይ እንዳያርፍ የመስኮቷን መጋረጃ ስቤ፣ ቺሮ እስክንገባ ድረስ በእጄ እንደያዝኩት ቆየሁ።