የወይዘሮ አንጓች ምራቅ

(ደብረ ማርቆስ፣ ወይዘሮ አንጓች ደጃፍ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣችው የልጅ ልጃቸው ትንግርት ትንሽ ብልቃጥ አፋቸው ሥር ደቅና ቆማለች።)

አንጓች፦ አልተፋም አልኩ፣ አልተፋም!

ትንግርት፦ እማማ፣ አንዴ ብቻ! በጨው ውሃ ተጉመጥምጠው እዚህች ውስጥ እንትፍ ይበሉልኝ።

አንጓች፦ የእኔ ምራቅ ምርቃት ነው። ሰው ተንበርክኮ ነው የሚቀበለው፤ አንቺ በጠርሙስ ልትቀጂው መጣሽ?

ትንግርት፦ ለትምህርት ነው። ይህን የመሞከሪያ ሣጥን ያዋሰን አንድ ትምህርት ክፍል ነው፤ እዚያ መግባት የፈለገ ተማሪ ቤቱ ወስዶ እንዲሞክርበት።

አንጓች፦ የራስሽን ትፊያ! ምራቅ ጨረስሽ?

ትንግርት፦ የራሴንማ ትናንት ሠራሁት። እርስዎ ደግሞ በዓይንዎ ካላዩ አያምኑም። ዘርዎን ላሳይዎት ነው።

አንጓች፦ ዘሬን? እኔ ቆሜ ስሄድ አይታይም?

ትንግርት፦ መጀመሪያ ምራቁ ላይ ትንሽ የሳሙና ውሃ ጠብ እናደርጋለን...

አንጓች፦ ሳሙና! የእኔ ዘር ምን አድፎ ነው የሚታጠበው? የእናኑን እጠቢ፤ ጎረቤት ናት፣ ሩቅም አትሄጂ።

ትንግርት፦ ከዚያ ቀዝቃዛ ዳግም አረቄ እናፈስበታለን።

አንጓች፦ አጥበሽ ስታበቂ ልታሰክሪው!

ትንግርት፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ የለም? ዘርም እንደዚያው ነው። አረቄ ሲያገኘው ከተደበቀበት ነጭ ክር መስሎ ብቅ ይላል።

አንጓች፦ ክር? አያቶቼ ደጃዝማቹም፣ ፊታውራሪውም፣ ሁሉም ክር?

ትንግርት፦ ሁሉም።

አንጓች፦ የእናኑስ?

ትንግርት፦ በዓይን ሲያዩት ያው ነው። ነጭ ክር።

አንጓች፦ እንግዲያው ሣጥንሽ ውሸታም ነው! ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ሰማን እንጂ በአረቄ ይጎተታል ሲባል አልሰማንም። መልሺላቸው። አንቺ ሐኪም ነው የምትሆኚው።

ትንግርት፦ ውጤቴ ለሕክምና ይበቃል፤ ልቤ ግን ባዮቴክኖሎጂ ላይ ነው። የትምህርት ክፍል ምርጫው ነገ ይዘጋል። እርስዎ ሳይመርቁኝ ቅጹን አልሞላም።

አንጓች፦ ባይተ... ምን?

ትንግርት፦ ባዮቴክኖሎጂ።

አንጓች፦ ባይተዋርነትም በዩኒቨርሲቲ ይማሩት ጀመር? እሱማ እዚሁ አለልሽ፣ ያለ ፈተና።

ትንግርት፦ ሕይወት ያለውን ነገር ሥራ ማሠራት ነው፣ እማማ። ክትባት መሥራት፣ ዋግ የማይመታው ስንዴ ማውጣት...

አንጓች፦ ስንዴ? አባትሽም ገበሬ ነው፤ ማን ብልቃጥ ሰጠው? ይልቅ የእድሩን ሰው ምን ልበለው? ለሁሉም ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።

ትንግርት፦ የምን ቀጠሮ?

አንጓች፦ የሕክምና ነዋ! የአለቃ ስሜነህ ዓይን መጀመሪያ፣ የእናኑ ጉልበት መጨረሻ። ወረፋ ልታልፍ ዶሮ ይዛ መጥታ ነበር፤ ከነዶሮዋ መለስኳት።

ትንግርት፦ እማማ! እኔ እኮ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ።

አንጓች፦ እነሱም አልቸኮሉም። እየታመሙ ይጠብቃሉ።

ትንግርት፦ ኧረ ይስሙኝ። ይህን ተምረው ፍርድ ቤት የሚረዱም አሉ። የልጅ አባት ማን እንደሆነ ሲያከራክር፣ የሁለቱን ምራቅ አስተያይተው ቁርጡን ይናገራሉ።

አንጓች፦ ...ምን አልሽ?

ትንግርት፦ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከምራቅ ይታወቃል።

አንጓች፦ የማንም ሰው?

ትንግርት፦ የማንም።

አንጓች፦ "አያቴ ራስ ነበሩ" እያለች በየሠርጉ ከእኔ በላይ የምትቀመጠዋም?

ትንግርት፦ እትዬ እናኑ? እማማ፣ ትምህርቱ ለሐሜት አይደለም እኮ...

አንጓች፦ ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው። ሐኪምን የሚፈራው የታመመ ብቻ ነው። አንቺን ግን ጤነኛውም ሊፈራሽ ነው!

ትንግርት፦ ታዲያ... ልሙላው?

አንጓች፦ ሙዪው! ብልቃጡንም አምጪ፤ ከእኔ ጀመረች ይበሉ። እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ። እንትፍ! ጠላትሽ ይርበድበድ።

ትንግርት፦ አሜን። ግን እማማ፣ ሰውየው ካልፈቀደ ምራቁን መመርመር ክልክል ነው። ሕግ አለው።

አንጓች፦ እሱን አንቺ ፈተና ላይ ጻፊው። ለእናኑ የምነግራት እኔ ነኝ።