ስለ አራት፣ አምስትና ስድስት ቁጥር ችካሎች የተሰጠ ቃል

የመዝገቡ ጉዳይ፦ በትምህርት ቤቱ የአውቶቡስ ማደሪያ ማስፋፊያ ላይ የተተከሉ የወሰን ችካሎች ከቦታቸው መነሳት
ቃል ሰጪ፦ የማደሪያው በር ጠባቂ፤ ሙሉ ስሟ ከመታወቂያዋ ቅጂ ጋር ተያይዟል፤ በሥራ ቦታዋ «ፊሽካ» በመባል ትታወቃለች
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ከማደሪያው ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 212
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡10 እስከ 4፡35
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ቃል ሰጪ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ መርማሪው ነግሮኛል። እኔም መዋሸት ብፈልግ ቤቴ ቁጭ ብዬ እዋሽ እንደነበር፣ ለውሸት ብዬ በዚህ ጉልበቴ እስከዚህ እንደማልለፋ ነግሬዋለሁ። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

በትምህርት ቤቱ ሥራ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሥራ ዘጠኙን ዓመት የሦስት ቁጥር አውቶቡስ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ልጆቹን መቁጠር፣ የሚያስመልሳቸውን መስኮት ጋ ማስቀመጥ፣ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲል ወርጄ ፊሽካ መንፋት ነበር። ቅጽል ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ወደ በር ጥበቃ ተዛወርኩ፤ ፊሽካውን ግን አላስረከብኩም። ንብረት ክፍሉም አልጠየቀኝም።

የሦስት ቁጥር ሾፌር የነበሩት ሰው ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች በአነዳዳቸው ምክንያት «ጋሽ ቀስ በቀስ» ይሏቸዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዱ የአንድ ልጅ ጥፍር አልነኩም። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት አውቶቡሱን በእግራቸው አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ድንጋይም ይሁን ቦርሳ፣ መሬት ላይ ያገኙትን አንስተው ዳር ያስቀምጣሉ። «ፊሽካ፣ ጎማ አጠገብ ያለውን ነገር ሁሉ ልጅ ነው ብለሽ ቁጠሪ» ይሉኝ ነበር። ዞረው ሲጨርሱ «ሁሉም ገቡ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ቆጥሬ «ሁሉም ገብተዋል» ካላልኩ አገር ቢፈርስ መኪናዋ አትነቃነቅም። ወላጆች ዘገያችሁ ብለው ሲቆጡን እኔ ነኝ የምሰደበው፤ እሳቸው አይሰሙም ነበር።

ቤታቸው ከማደሪያው ጋር ይዋሰናል። የጓሮ በራቸው በቀጥታ ወደ ግቢያችን ይከፈታል። ይህ በር በሥራ ዘመናቸው በትምህርት ቤቱ ፈቃድ የተከፈተ ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ጋሼ ይረሳሉ። ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፣ የልጃቸውን ስም ይረሳሉ። አንዳንድ ቀን እኔን እህታቸው አድርገው የእናታችንን ጤና ይጠይቁኛል፤ ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች እላቸዋለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሞተሮቹ ሲነሱ ግን ከአልጋቸው ወርደው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው በጓሮ በር ይወጣሉ። እኔ እትዬ የምላቸው ባለቤታቸው «ያንን ድምፅ ያልሰሙ ቀን ሲተኙ ይውላሉ፤ እህልም አይቀምሱ» ብለውኛል። እሑድ እሑድ እንዲህ ነው የሚሆኑት።

ወደ ጉዳዩ እንድገባ መርማሪው አሳስቦኝ እንደሚከተለው ገብቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ዘጠኝ አውቶቡሶች አሉት። ከወንዙ ማዶ ያሉ ልጆች አውቶቡስ ስለማይደርሳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው ይጓዛሉ። በዝናብ ቀን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲገቡ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ሰባት አውቶቡሶች እንዲጨመሩ ተወሰነ፤ ማቆሚያ ግን የለም። ስለዚህ ከማደሪያው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለመጨመር የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ ተጠየቀ። ርእሰ መምህሯ ሠራተኞቹን ሰብስባ የፈቃድ ክፍሉን ግዴታዎች አነበበችልን። ማስታወቂያ ለሃያ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ይለጠፋል፤ ጎረቤት የሆነ ሁሉ እስከዚያ ድረስ አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባል። ማቆሚያው ከማንም መኖሪያ ቤት ከአሥራ ሁለት ሜትር በታች መቅረብ የለበትም። በመሃል ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ይሠራል፤ ነዋሪውን ከድምፅና ከጭስ ለመጠበቅ ነው ተባለ። ቀያሹ መጥቶ ቀይ ቀለም የተቀቡ ስምንት ችካሎችን ተከለ። አራት፣ አምስትና ስድስት ቁጥር በጋሼ ቤት በኩል ናቸው።

ችካሎቹ በተተከሉ በማግስቱ ጠዋት እነዚሁ ሦስቱ ተነቅለው፣ አፈራቸው ተጠርጎ፣ የጥበቃ ክፍሌ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው አገኘኋቸው። ሌባ ቢሆን ደርድሮ አይሄድም ብዬ ገረመኝ። መልሼ ተከልኳቸውና በሚቀጥለው ቀን ቀደም ብዬ ገብቼ ጠበቅሁ። 12 ሰዓት ሲሆን ሞተሮቹ ተነሱ፣ የጓሮው በር ተከፈተ፣ ጋሼ ወጡ። ባዶውን ቦታ አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ አምስት ቁጥርን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዝውዘው ነቀሉት፤ ጉድጓዱንም በእግራቸው ደፍነው ደለደሉት። ቀርቤ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አውቶቡስ በሚዞርበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ይተዋል እንዴ? ልጅ ቢደናቀፍበትስ?» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የተሟላ ንግግር ከአፋቸው አልሰማሁም። ሦስቱንም ነቅለው ካስረከቡኝ በኋላ «ሁሉም ገቡ?» ብለው ጠየቁኝ። አውቶቡስም ልጅም በሌለበት ሜዳ ላይ ቆመን «ሁሉም ገብተዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው። አንጀቴን በሉት። እንዴት እቆጣቸዋለሁ? ያስተማሩኝን እኮ ነው የሠሩት።

በዚያው ጠዋት እትዬ ጠርተውኝ ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። ምክንያቱም ጋሼ አምና ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጥተው፣ ቀበቶ አስረው፣ መሪ ይዘው ተገኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌላ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው «አንድ ነገር ከደገሙ የጓሮውን በር አሽጌ እኔ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ» ብሏል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይፈራል፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እፈራለሁ። እትዬ ግን «ፊሽካዬ፣ ከዚህ በር የተለዩ ቀን ያልቅላቸዋል» አሉኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው።

ስለዚህ ችካሎቹን መልሼ የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ማንም አላደረገውም፤ ማንም አላዘዘኝም። ቀያሹ «ከቤቱ ግድግዳ አሥራ ሁለት ሜትር» ሲል ሰምቼ ስለነበር ከጋሼ ግድግዳ ተነስቼ አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥሬ ተከልኩ። እርምጃ አንድ ሜትር ነው ብዬ ነው። ጋሼ በነጋ ቁጥር ነቀሉ፣ እኔም በነጋ ቁጥር ቆጥሬ ተከልኩ፤ በዚህ ሁኔታ ስድስት ቀን ሠራን። ሾፌሮቹ በቁመቴ ሲቀልዱ «ፊሽካ ብትቆምም ብትቀመጥም ያው ናት» ይላሉ። ሁልጊዜ እሰድባቸው ነበር፤ ሜትሩ ቢቀር ቀልዳቸውን እንኳ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ እርምጃዬ አጭር መሆኑን አውቄ ሰው ባልተከሰሰ።

ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ መጥቶ ሲለካ ሦስቱ ችካሎች ከጋሼ ቤት ዘጠኝ ሜትር ላይ ሆነው ተገኙ። ትምህርት ቤቱ ቦታ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ችካል ገፍቷል ተብሎ የፈቃዱ ሂደት ታገደ፤ ርእሰ መምህሯም በተጠርጣሪነት ወደዚህ ጣቢያ ተጠራች። ቅዳሜ ሠራተኞች ሁሉ ስንጠየቅ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብያለሁ። ያ ቃል ሐሰት ነው፤ በዚህ ቃሌ ሽሬዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን በሦስት ቀን ነቀዘ። ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሯ ዓይኗ አብጦ ስትገባ እንደወትሮው «ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዋ የማዶ ልጆች ጫማቸውን ይዘው ይገቡ ነበር። ዝናብ ነበር።

ዛሬ ማለዳ 12፡30 ላይ እትዬ ዘንድ ሄጄ ከማልኩት መሐላ እንዲፈቱኝ ጠየቅኋቸው። ጋሼ አጠገባችን ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ነበር። በመጨረሻ እትዬ «ያን ሁሉ ልጅ በእግር አስኪዶ የሚገኝ በር ለእሳቸውም አይበጅ። ልባቸው ቢመለስ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው» አሉ። አልቅሰዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ ኮታቸውን አልብሰው «ይዘሻቸው ሂጂ። ያያቸው ሰው ይገባዋል» አሉኝ። ስለዚህ ይዣቸው መጥቻለሁ። ይህ ቃል ሲጻፍ በመስኮቱ በኩል በሚታየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው አእምሮ ልጆችን ከአደጋ ጠበቁ እንጂ የማንንም ወሰን አልነኩም። ጥፋት ካለ የእርምጃዬና የዝምታዬ ነው፤ የምጠየቅበትም እኔ ነኝ።

መርማሪው የተናገርኩትን ለማጣራት በጣቢያው ኮሪደር አሥራ ሁለት እርምጃ እንድራመድ አዝዞኝ ተራምጃለሁ። በሜትር ሲለካ ዘጠኝ ሜትር ከስምንት ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ሁለት ባልደረቦቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ የሚከተለውን ጨምሬአለሁ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ዛሬ ሃያ አንደኛው ቀን ነው፤ የጎረቤት አስተያየት የሚዘጋው ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ማስፋፊያውን መቃወም ይችሉ ነበር፤ አልተቃወሙም። ግንቡም ይሠራ፣ ወረቀቱ እንደሚለው ሦስት ሜትር ይሁን። የጓሮው በርም በዚያው ይዘጋ፤ ጋሼ አውቶቡስ መሃል መግባት እንደሌለባቸው ለልጃቸውም ለእኛም ገብቶናል። ነገር ግን በአምስት ቁጥር ችካል ትይዩ፣ በሰው ደረት ቁመት፣ አንድ የብረት ፍርግርግ ይተውልን። ግንቡ የሚከላከለው ድምፅ እሳቸውን ከአልጋ የሚያስነሳቸው ድምፅ ነው። ነዋሪውን ለመጠበቅ ነው ከተባለ ነዋሪው እሳቸው ናቸው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በፍርግርጉ ይዩ፣ ይጠይቁኝ፤ እኔም በወዲያኛው በኩል ቆሜ እመልስላቸዋለሁ። በሥራዬ ካቆዩኝ በሥራዬ፣ ካሰናበቱኝም ቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ መጥቼ እመልስላቸዋለሁ።

መርማሪው ፖሊስ የግንብ ንድፍ እንደማያወጣ ነገረኝ። እኔም «ልጄ፣ እስክሪብቶው እጅህ ላይ ነው፤ ሁለት መስመር ምን ይጎዳሃል?» አልኩት። ጽፎታል። ቅጂውም ከ11 ሰዓት በፊት በጣቢያው መልእክተኛ ለፈቃድ ክፍሉ እንደሚደርስ ቃል ገብቶልኛል።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁ ተናግሬአለሁ። ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ተነቦልኝ፣ ቅዳሜ ከሰጠሁት የሐሰት ቃል በስተቀር የማፍርበት ነገር አላገኘሁበትም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋን፣ አብረዋት የመጡትን ሽማግሌና የዚህን ቃል ቅጂ ለማድረስ 4፡45 ላይ የጣቢያው ፒክአፕ ተዘጋጅቷል። ሽማግሌው ከመሳፈራቸው በፊት መኪናዋን በእግራቸው ዞረው፣ ከኋላ ጎማ ሥር አንድ ድንጋይ፣ ከፊት ለፊቷም የዘበኛውን በርጩማ አንስተው ዳር አስቀምጠዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሁሉም ገቡ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ቃል ሰጪዋ ጋቢና ውስጥ ሆና አየችኝ። የተሳፈሩትን ቆጥሬ «ሁሉም ገብተዋል፣ ጋሼ» ብያለሁ። መኪናዋ የተንቀሳቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።