ጫማዬን ይዤ

(ደብረ ብርሃን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ከወራት በፊት ቤቱን ጥሎ የወጣው ይታገሡ የቀሩትን መጻሕፍቱን ሊወስድ መጥቷል፤ ባለቤቱ ወይንሸት ላፕቶፗን ከፍታ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ደጅ ላይ ባጃጅ ቆሟል።)

ወይንሸት፦ አንድ ግጥም ነው ያልኩህ፤ ቤቱን አይደለም። ፍቀድልኝና ከመጽሐፉ ላውጣው።

ይታገሡ፦ ምክንያቱን ንገሪኝ አልኩ እንጂ አይሆንም አላልኩም።

ወይንሸት፦ ይታገሡ።

ይታገሡ፦ አቤት።

ወይንሸት፦ አቤት? ድሮ ስጠራህ «ወዬ» ነበር የምትለኝ። ቀበሌ የተጠራህ አስመሰልከው እኮ።

ይታገሡ፦ ሰኞ ለፍቺው ፍርድ ቤት «አቤት» ማለቴ አይቀርም፤ ልለማመድ ብዬ ነው። ይኼ ካርቶን የኔ ነው?

ወይንሸት፦ የወንድሜ ነው። ያንተ በሩ ጋ ያለው ነው። ወሬ አትቀይር።

ይታገሡ፦ እሺ። መጀመሪያ ግጥሙ የኔ መሆኑን ማን ነገረሽ? ቴሌግራሙ ላይ «ቁጥር ስድሳ ሦስት» ነው የሚለው። «ሃያ ፊደል» የግጥም ቡድናችን ውስጥ ስም የሚያውቅ የለም።

ወይንሸት፦ መጽሐፉን ለማተሚያ ቤት የማዘጋጀው እኔ ነኛ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ልሳኑ ትናንት ስሞቹን ላኩልኝ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲገቡ። ከስድሳ ሦስት ፊት ለፊት ያለው ያንተ ስም ነው።

ይታገሡ፦ ጋሽ ልሳኑ! እናታቸው ቢጠይቋቸው የማይናገሩ ሰውዬ።

ወይንሸት፦ ያለ ስም መጽሐፍ አይታተምማ። ደግሞ አንተ መጻፍ አቁሜያለሁ ብለኸኝ ነበር።

ይታገሡ፦ አቁሜ ነበር። ልጃችን ከሞተ በኋላ የጻፍኩት አንድ ብቻ ነው። እሱን ነው አንቺ ላውጣው የምትዪኝ።

ወይንሸት፦ የሚያውቁን ሰዎች ያነቡታል። እናቴ ታነበዋለች። «ጫማዬን ይዤ፣ ጥሪሽን ብጠብቅ፣ አስሬ ወጣሁ።» ምን ትበል?

ይታገሡ፦ እናትሽ ስድስት፣ ስምንት፣ ስድስት ብለው ፊደሉን ቆጥረው «ጎበዝ» ይሉኛል።

ወይንሸት፦ አትቀልድ።

ይታገሡ፦ እሺ አልቀልድም። ግን ብቻዬን መፍቀድ አልችልም። ግጥሙ የኔ ብቻ አይደለም።

ወይንሸት፦ የማን ነው ታዲያ?

ይታገሡ፦ ያቃናው ሰው አለ። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ጋሽ ልሳኑ ጥሬውን ለአንድ አባል ይሰጣሉ፣ ያ ሰው ያቃናዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሚያየው። የመጨረሻዋ መስመር የሱ ናት። ሳይጠየቅ ላወጣበት አልችልም።

ወይንሸት፦ ምንህ ነው እሱ? ታውቀዋለህ?

ይታገሡ፦ አላውቀውም። ያን ጊዜ ግን የተረዳኝ እሱ ብቻ ነበር።

ወይንሸት፦ ምን ብሎህ?

ይታገሡ፦ አጭር መልእክት ናት። «ጫማውን የያዘ ሰው ወይ ያስረዋል ወይ ይጥለዋል። ቆሞ ማደር ግጥም አይሆንም።» ከሥሯ አዲሷን መስመር ጻፈልኝ። አስሬ ወጣሁ።

ወይንሸት፦ እና የማታውቀው ሰው ስድስት ፊደል ስለላከልህ ቤትህን ጥለህ ሄድክ?

ይታገሡ፦ እንደሱ አይደለም።

ወይንሸት፦ እንዴት ነው?

ይታገሡ፦ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፤ ልክ ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ ልክ ያልሆንኩት። በማግስቱ ሻንጣዬን አነሳሁ።

ወይንሸት፦ አብደሃል።

ይታገሡ፦ ሳልሆን አልቀርም። አንቺስ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ስሜን ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ? «እራት አለ።» «መብራት ሄደ።» በቃ። ለግድግዳው ይሁን ለኔ አይለይም ነበር።

ወይንሸት፦ ለግድግዳ እራት አይቀርብም።

ይታገሡ፦ እሱስ እውነት ነው። እራት አቅርበሽልኛል።

ወይንሸት፦ አፌን ከከፈትኩ የምጮህ እየመሰለኝ ነው እሺ? አንተ ግን ከቀብሩ መልስ ሥራ ገባህ። ለሰው ሁሉ «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ትላለህ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ይታገሡ፦ ሌላ ምን ልበላቸው? ለጎረቤት ሁሉ ልቅሶ ልቀመጥ?

ወይንሸት፦ ከኔ ጋር ተቀመጥ።

ይታገሡ፦ ...መጣሁ ወንድሜ! አንድ ካርቶን ነው የቀረኝ፣ ጡሩምባውን ተወው! ይኼ ባለባጃጅ ሰፈሩን ሊቀሰቅስ ነው።

ወይንሸት፦ ይንፋ። ይኼን መዝገበ ቃላትም ውሰደው፤ ያንተ ነው።

ይታገሡ፦ የኛ ነው። ይቀመጥ። ውስጡ የሆነ ወረቀት አለ።

ወይንሸት፦ የቱ?

ይታገሡ፦ አንቺ ነሽ የጻፍሽው። የተጋባን ሰሞን ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽልኝ። «ሳሙና አምጣ፣ ዘይቱም አልቋል፣ ቶሎ ና ደግሞ።»

ወይንሸት፦ ሃያ ነው።

ይታገሡ፦ ሃያ ነው። ሳሙናውን ረስቼው ቶሎ መጣሁ።

ወይንሸት፦ ያን ቀን በሣህን ማጠቢያ ነው የታጠብነው።

ይታገሡ፦ አሁንም ሲሸተኝ ትዝ ትዪኛለሽ። የሰው ፍቅር ሽቶ ነው፣ የኛ የሣህን ማጠቢያ።

ወይንሸት፦ ...አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግጥሙ ላይ ጫማህን ለምንድን ነው የያዝከው? እውነት ነው ወይስ ለፊደሉ ብለህ ያስገባኸው ነው?

ይታገሡ፦ እውነት ነው። አምሽቼ ስገባ የውጭው በር ጋ አወልቀውና በካልሲ እስከ መኝታ ቤቱ እመጣለሁ። እንዳልቀሰቅስሽ። ብትጠሪኝ እገባለሁ እላለሁ። ከዚያ ቆሜ ቆሜ ወደ ሶፋው እመለሳለሁ። አንዳንዴ አልመለስም።

ወይንሸት፦ ተኝቼ መስሎህ ነው?

ይታገሡ፦ መብራቱ ጠፍቶ ነዋ።

ወይንሸት፦ እኔ እኮ ኮቴህን ነበር የምጠብቀው። የውጭው በር ሲከፈት እሰማለሁ። ከዚያ ጸጥ። ሶፋው ላይ ጋደም አለ እላለሁ። እንኳን ሊያናግረኝ ወደዚህ አንድ እርምጃ እንኳን አልተራመደም እላለሁ።

ይታገሡ፦ በካልሲ ስለምመጣ ነው።

ወይንሸት፦ አሁን ገባኝ። ጫማህን ብትጎትተው ምን ነበረበት? ምናለ አንድ ቀን እንኳን ወንበር ብትመታ?

ይታገሡ፦ አንድ ቀን መታሁ። ትንሹን ጣቴን። እንዳትነቂ ብዬ እጄን ነክሼ ዝም አልኩ።

ወይንሸት፦ ሞኝ።

ይታገሡ፦ እስማማለሁ። ለዚህ ነው ግጥሙን የጻፍኩት። ደግሞ መጀመሪያ እንደዚያ አልነበረም። እኔ መውጣት የሚል ነገር አልጻፍኩም። የኔ መጨረሻ...

ወይንሸት፦ «ቆሜ ነጋብኝ» ነበር።

ይታገሡ፦ አዎ፣ ቆሜ ነጋ... ማን ነገረሽ?

ወይንሸት፦ ማንም።

ይታገሡ፦ ጋሽ ልሳኑ ናቸው።

ወይንሸት፦ እሳቸው ጥሬውን ካሳለፉ በኋላ ያጠፉታል። ታውቃለህ።

ይታገሡ፦ ታዲያ ከኔና ካቃናው ሰው በቀር... ወይንሸት።

ወይንሸት፦ እኔ ነኝ።

ይታገሡ፦ አይደለሽም።

ወይንሸት፦ ስሙ ካንተ ስም አጠገብ ነው። ፋይሉን ልክፈትልህ? አልጋው ላይ ሆኜ በስልኬ ነው የጻፍኩት።

ይታገሡ፦ ያን ሌሊት ከበሩ ሥር ብርሃን አይቼ ነበር። ትንሽ፣ ሰማያዊ። ስልኳን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነው አልኩ።

ወይንሸት፦ አላወቅኩህም። መጻፍ አቁሟል ብያለሁ፤ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። ሚስቱን የሚፈራ የሆነ ሰውዬ መሰለኝ። ተናደድኩበት። እኔ በራፌ ላይ የሚቆም ሰው አጥቼ አድራለሁ፣ እሱ ደግሞ ቆሞ ያነጋል። ወይ ይግባ ወይ ይውጣ አልኩ።

ይታገሡ፦ ታዲያ «ይግባ» ለምን አላልሽውም?

ወይንሸት፦ ብዬው ነበር።

ይታገሡ፦ መቼ?

ወይንሸት፦ ሁለት መጨረሻ ነው የጻፍኩት። ሌላው «ጥዬው ገባሁ» ይላል። እሱም ስድስት ነው።

ይታገሡ፦ ጥ፣ ዬ፣ ው... ስድስት ነው።

ወይንሸት፦ እሱን ልልክ ነበር። ከዚያ ሳነበው፣ ይኼ የሚሆን ነገር አይደለም አልኩ። ወንድ ጫማውን ጥሎ ሲገባ አላየሁማ። አጠፋሁትና ሌላውን ላክሁ።

ይታገሡ፦ እሱን ብትልኪልኝ...

ወይንሸት፦ አትጨርሰው።

ይታገሡ፦ እገባ ነበር። እስከ ማግስቱም አልቆይም ነበር። እዚያው በሩ ላይ ሆኜ ነው መልእክቱን ያነበብኩት።

ወይንሸት፦ አትጨርሰው አልኩህ እኮ።

ይታገሡ፦ ይቅርታ።

ወይንሸት፦ እኔ ነኝ በገዛ እጄ ጫማህን ያሰርኩልህ። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ዝም ብዬ ላጠፋው ነበር፤ ማንም አያውቅም። ሳልጠይቅህ ሁለተኛ ልነካው አልቻልኩም።

ይታገሡ፦ ወይንሸት፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንቺ መስመር ነው የላክሽው። ሰውም ግጥምን እንደ ትእዛዝ አያነብም።

ወይንሸት፦ ላውጣው?

ይታገሡ፦ አታውጪው።

ወይንሸት፦ መጨረሻውን ልቀይረውስ? አሁን፣ እዚሁ። ገጹ ተከፍቷል።

ይታገሡ፦ ብትቀይሪው ውሸት ይሆናል። ወጥቻለሁ እኮ።

ወይንሸት፦ እና እንዳለ ይታተም?

ይታገሡ፦ እንዳለ። የኔም ስም ያንቺም ስም ይግባ።

ወይንሸት፦ ጎን ለጎን።

ይታገሡ፦ የሰኞው ወረቀት ላይም ጎን ለጎን ነው ያለው።

ወይንሸት፦ ...ባጃጁ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ይታገሡ፦ ሰምቻለሁ። በሩን ትከፍቺልኛለሽ? ሁለቱም እጄ ተይዟል።

ወይንሸት፦ ክፍት ነው።

ይታገሡ፦ እሺ። ደህና ሁኚ እንግዲህ። ብርድ ነው፣ አትውጪ።

ወይንሸት፦ ይታገሡ።

ይታገሡ፦ ወዬ።